የሚቀንሰው ክፍያው ነው ወይስ ዕዳው?

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ለሌሎች አንባቢዎቻችን ግልጽ እንዲሆን በቅድሚያ ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። ከ18 ወራት በፊት፣ ከልጅነትዎ ጀምሮ ሲመኙት የኖሩትን ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና አዲስ ገዝተዋል። ከዋጋው 10 በመቶውን ከኪስዎ ከፍለው ቀሪውን በ12 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ በ60 ወራት በሚያልቅ ብድር ሸፍነዋል። በዚያን ጊዜ የሽያጭ ኮሚሽንዎ ደመወዝዎን ያህል ስለነበር ክፍያው አልከበደዎትም ነበር፤ ኮሚሽኑ በግማሽ ከተቀነሰ ወዲህ ግን የመኪናው ወርሃዊ ክፍያ ብቻውን ከገቢዎ ከሲሶ በላይ ይወስዳል፣ መድኑ፣ ነዳጁና ሰርቪሱ ሲታከልበት ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጋል። እስካሁን አንድም ወር ሳይከፍሉ አላለፉም። አበዳሪዎ ቀሪውን ዕዳ በ84 ወራት እንዲከፍሉ ሊያራዝምልዎ ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮዎታል። አንድ መኪና ሻጭ ደግሞ ስፖርት መኪናውን በቅያሪ ተቀብሎ አነስ ያለ አዲስ መኪና ሊሰጥዎ፣ ያልተሸፈነውንም ዕዳ በአዲሱ ብድር ላይ ሊደምርልዎ ሐሳብ አቅርቧል። «ከሁለቱ የትኛው ይሻለኛል?» ሲሉ ጠይቀው፣ «ባለቤቴ አንድም ቀን ሽጠው ብላኝ አታውቅም፤ ዝምታዋ ግን ከክፍያው ይልቅ ይከብደኛል» በማለት ደብዳቤዎን ቋጭተዋል።

ሐሳቤን ሳላዘገይ ልንገርዎ፤ ሁለቱንም አይቀበሉ። መኪናውን ራስዎ ገዢ ፈልገው ይሽጡት፣ በሽያጩ ዋጋና በዕዳው መካከል የሚቀረውን ልዩነት ከቁጠባዎ ይዝጉ፣ ከዚያም ጥቂት ዓመታት ያገለገለና ዋጋው የአሁኑ መኪናዎ ከሚያወጣው ሲሶ ገደማ የሆነ መኪና በአጭር ጊዜ ብድር ይግዙ። የቀረቡልዎ ሁለቱም አማራጮች ወርሃዊ ክፍያዎን በእርግጥ ይቀንሳሉ። ዕዳዎን ግን አንዳቸውም አይዘጉትም፤ እንዲያውም አንደኛው በጠቅላላ የሚከፍሉትን ገንዘብ፣ ሌላው ደግሞ ዕዳዎ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥበትን መጠን ያሳድጋል። እርስዎ በየወሩ መጨረሻ የሚያስጨንቅዎ ክፍያው ስለሆነ ዓይንዎ በእሱ ላይ ቢያርፍ አልፈርድብዎትም፤ የቀረቡልዎ ሐሳቦች የተዘጋጁትም ዓይንዎ የት እንዳረፈ በሚያውቁ ሰዎች ነው።

የላኩልኝን አኃዞች ወስጄ አስልቻቸዋለሁ። ማንኛውም አንባቢ ወደ ራሱ ጉዳይ እንዲመነዝረው፣ መኪናው አዲስ ሲገዛ የነበረውን ዋጋ 100 ብዬ ልያዝ። የተበደሩት 90 ነው፤ ወርሃዊ ክፍያዎም 2 ይሆናል ማለት ነው። በ18 ወራት ውስጥ 36 ከፍለዋል። ከዚህ ውስጥ 14.4ቱ ለወለድ ሄዷል፤ ከዋናው ብድር የተቀነሰው 21.6 ብቻ ስለሆነ ዛሬም 68.4 ዕዳ አለብዎት። የብድሩ ዘመን 30 በመቶ ያለፈ ቢሆንም ከዋናው ብድር የወረደው 24 በመቶ ነው። ይህ ማንም አጭበርብሮዎት የመጣ አይደለም፤ ወለድ የሚሰላው ባልተከፈለው ቀሪ ዕዳ ላይ በመሆኑ፣ ዕዳው ትልቅ በሆነባቸው የመጀመሪያ ወራት የክፍያው ትልቅ ድርሻ ወደ ወለድ ይሄዳል። የመኪናው ዋጋ ደግሞ የሚወርደው በተቃራኒው ነው፤ በአብዛኞቹ ገበያዎች አዲስ መኪና ከዋጋው ብዙውን የሚያጣው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ዕዳው በዝግታ፣ ዋጋው በፍጥነት ሲወርዱ በመካከላቸው የሚፈጠረው ክፍተት እርስዎ ዛሬ የቆሙበት ቦታ ነው። ጠይቀው እንዳረጋገጡት በቀጥታ ለገዢ ቢሸጡት 64፣ ለነጋዴው ቢሰጡት 58 ያገኛሉ። ስለዚህ ክፍተቱ በአንደኛው መንገድ 4.4፣ በሌላው 10.4 ነው።

አሁን የአበዳሪዎን ሐሳብ እንመልከተው። 68.4 ዕዳ በ84 ወራት ሲዘረጋ ወርሃዊ ክፍያው ከ2 ወደ 1.21 ይወርዳል፤ 40 በመቶ ቅናሽ ስለሆነ እፎይታው በእርግጥም ይሰማል። ነገር ግን ይህን ክፍያ ሳያጠጋጉ በ84 ሲያባዙት 101.4 ይመጣል። እባክዎ ይህን ቁጥር በጥሞና ይዩት። ቅድሚያውንና እስካሁን የከፈሉትን 36 ሳይጨምር፣ ከዛሬ በኋላ ብቻ የሚከፍሉት ገንዘብ መኪናው አዲስ ሆኖ ከመደርደሪያ ሲወጣ ከነበረው ዋጋ ይበልጣል። አሁን ባለው ውል ቢቀጥሉ ግን የሚቀርዎ 84 ብቻ ነበር። ብድሩ ሲያልቅም መኪናው ስምንት ዓመት ተኩል ይሞላዋል፤ የፋብሪካው ዋስትና ካለፈ ብዙ ጊዜ ይሆነዋል፣ መለዋወጫው ግን በውድ መኪና ዋጋ መጠየቁን አያቆምም።

የመኪና ሻጩ ሐሳብ ይበልጥ የሚማርክና ይበልጥ የሚጎዳ ነው። ያቀረበልዎ አነስተኛ አዲስ መኪና ዋጋው 35 ነው። ስፖርት መኪናውን በ58 ሲቀበልዎ የሚቀረው 10.4 በአዲሱ ብድር ላይ ይደመርና 45.4 ይሆናል። በ60 ወራት ሲከፈል በወር 1.01 ይመጣል፤ ግማሽ ሆነልኝ ብለው ደስ ቢልዎት አይገርምም። ሆኖም ቁልፉን በተረከቡበት ቀን 35 በሚያወጣ መኪና ላይ 45.4 ዕዳ ይኖርብዎታል። መኪናው አዲስ ስለሆነ ደግሞ ዋጋው በፍጥነት መውረዱን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ገቢዎ ዳግመኛ ቢናጋ፣ ወይም መኪናው በአደጋ ከጥቅም ውጭ ቢሆንና መድኑ የዕለቱን የገበያ ዋጋ ብቻ ቢከፍል፣ በሌለ መኪና ላይ ብድር ሲከፍሉ ይኖራሉ። የስፖርት መኪናው ዕዳ በሌላ መኪና ስም ተሸፍኖ አብሮዎት ይሄዳል እንጂ አልተከፈለም። አባቶች ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ይህን ነው።

እኔ የምለው መንገድ በመጀመሪያው ቀን የሚጎዳ ነው። በ64 ሸጠው ቀሪውን 4.4 ከቁጠባዎ ያወጣሉ። ቁጠባዎ 9 እንደሆነ ጽፈዋል፤ ግማሹ በአንድ ቀን ሲሄድ ማየት ቀላል አይሆንም። ከቀረው 4.6 ላይ 2 ለአዲሱ ግዢ ቅድሚያ አድርገው 22 የሚያወጣ ያገለገለ መኪና ቢገዙ ብድሩ 20 ይሆናል፣ በ36 ወራት ሲከፈልም በወር 0.66 ይመጣል። ላገለገለ መኪና አበዳሪዎች ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ወለድ ይጠይቃሉና 15 በመቶ ቢሆንብዎ እንኳ ከ0.70 አይዘልም። ይህ ማለት አሁን ከሚከፍሉት ሲሶ ነው፤ ከነጋዴው ሐሳብም ያንሳል፤ በሦስት ዓመት ውስጥም ያልቃል። በእጅዎ የሚቀረውን 2.6 ግን አይንኩት፤ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎማ፣ ባትሪ ወይም የፍሬን ሸራ መቀየሩ አይቀርምና።

«ስድስት ወር ብታገሥስ ዕዳው ይወርድ የለ?» የሚለው ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ዕዳው ከ68.4 ወደ 60.3 ይወርዳል። መኪናው በዚያው ጊዜ ከ64 ወደ 60 ቢወርድ ክፍተቱ ሊዘጋ ምንም አይቀረውም፤ በወረቀት ላይ ሲታይ መታገሥ ያዋጣ ይመስላል። ነገር ግን ክፍተቱን በ4.1 ብቻ ለማጥበብ 12 ከፍለዋል። በዚያ ላይ የስድስት ወር መድን፣ ነዳጅና ምናልባትም አንድ ሰርቪስ አለ። መታገሥ የሚያዋጣው ክፍያውን ያለ ጭንቀት ለሚችል ሰው ነው፤ እርስዎ ደግሞ አለመቻልዎን በግልጽ ጽፈዋል።

ስለ ወጪዎቹ ሌላ ክፍል ትንሽ ልጨምር፤ ሰዎች ሲያሰሉ የሚዘሉት እሱን ነውና። የስፖርት መኪና ጎማ ሰፊና ጠርዙ ዝቅ ያለ ነው፤ ኃይሉ በኋላ እግሮቹ በሚወርድ መኪና ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ሰፍቶ ስለሚሠራ፣ እንደ ተራ መኪና የፊቱን ወደ ኋላ የኋላውን ወደ ፊት እያቀያየሩ ዕድሜውን ማራዘም አይቻልም። የፍሬኑ ዲስክና ሸራ ትልልቅ ናቸው። ሞተሩ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይፈልጋል። የመድን አረቦኑ የሚተመነው ደግሞ በመኪናው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በፈረስ ጉልበቱና አንዴ ሲጋጭ በሚያስወጣው የጥገና ወጪም ጭምር ነው። ስለዚህ መኪናው ሲወርድ የሚወርደው ክፍያው ብቻ አይደለም። ለመግዛት ያሰቡትን መኪና የመድን አረቦን ከመግዛትዎ በፊት ያስገምቱ፤ አንዳንድ ጊዜ ዋጋው ተመሳሳይ በሆነ በሁለት መኪና መካከል ያለው የአረቦን ልዩነት ምርጫን ያስለውጣል።

ወደ ልብዎ ጉዳይ ስመጣ፣ «እስካሁን 46 አፍስሼበታለሁ፤ አሁን ብሸጠው ያ ሁሉ ገንዘብ ባከነ ማለት ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ልተወው አልችልም። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት የአንድ ዓመት ሙሉ የቲያትር ትኬት ለገዙ ሰዎች፣ ለአንዳንዶቹ በሙሉ ዋጋ፣ ለሌሎቹ ደግሞ በዕጣ በቅናሽ እንዲሰጣቸው አደረጉ። ሙሉውን የከፈሉት ሰዎች በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ቅናሽ ካገኙት ይልቅ ብዙ ቲያትር ተመለከቱ። ቲያትሩ ያው ነበር፤ ወደ አዳራሹ ይመልሳቸው የነበረው የከፈሉት ገንዘብ ነው። በሁለተኛው ግማሽ ዓመት ግን ልዩነቱ ጠፋ። የወጣ ገንዘብ ሰውን አስሮ የመያዝ ኃይሉ ብርቱ ቢሆንም እያደር ይላላል። እርስዎም አሁን መኪናው ውስጥ ሲገቡ የሚያስገባዎ ፍቅሩ ይሁን 46ቱ ለይተው ይጠይቁ። 46ቱ ቢሸጡም ባይሸጡም ተመልሶ አይመጣም፤ በእጅዎ ያለው ውሳኔ ገና ያልተከፈለው 84 ብቻ ነው።

ባከነ የሚለውንም ቃል በሙሉ ልቤ አልቀበለውም። አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተው የተመኙትን ነገር ገዝተዋል፣ አሽከርክረውታል፣ ደስ ብሎዎታል። ያኔ የነበረው ገቢዎ ይፈቅድልዎት ነበር። ገቢ ሲለወጥ የሚለወጥ ነገር ስላለ ብቻ ያለፈው ምኞት ስሕተት ሆነ ማለት አይደለም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ከአቅሜ በላይ የሆነ ቤት ተከራይቼ፣ ለሰው ሁሉ አሳይቼው ስለነበር ብቻ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸክሜው ኖሬያለሁ። በመጨረሻ ስለቅቀው ለምን እንደለቀቅሁ የጠየቀኝ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አልጋውን አብሮኝ የተሸከመው ጎረቤቴ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብለው የሚፈሩትን ያህል ሰው ስለ እኛ የሚያስብበት ጊዜ የለውም።

አሁን ስለ ሽያጩ አካሄድ በዝርዝር ልጻፍልዎ፤ ዕዳ ያለበት መኪና መሸጥ የሚቻል ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ብዙ ያስከፍላል። በመጀመሪያ ለአበዳሪዎ በጽሑፍ ማመልከቻ አስገብተው የመዝጊያ ሒሳብ ደብዳቤ ይጠይቁ። በወርሃዊ መግለጫዎ ላይ የሚያዩት ቀሪ ዕዳ የመዝጊያው ገንዘብ አይደለም፤ ከመጨረሻው ክፍያ ወዲህ በየቀኑ የተጠራቀመ ወለድ አለ፣ ከጊዜው በፊት ለመዝጋት የሚጠየቅ ቅጣትም በውልዎ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ደብዳቤው ሙሉውን መጠን፣ በየቀኑ የሚጨምረውን ወለድና እስከ መቼ እንደሚያገለግል መግለጽ አለበት። ከላይ ያሰላሁት 68.4 ሁሉ በዚህ ደብዳቤ ይስተካከላል። ቅጣቱ ከገመትነው በላይ ሆኖ ክፍተቱን ወደ 6 ወይም 7 ቢያደርሰው እንኳ ሐሳቤ አይለወጥም፤ ከ7 ካለፈ ግን ሳይሸጡ በፊት እንደገና ይጻፉልኝ፣ ያን ጊዜ የሚገዙትን መኪና ዝቅ ማድረግ ወይም ጥቂት ወራት ያለ መኪና መቆየት ሊኖርብዎ ይችላል።

ከዚያ መኪናውን ለሽያጭ ያዘጋጁ። ባለሙያ ገዢ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ፍጥነቱን አይደለም፤ የሰርቪስ መዝገቡን፣ ሁለቱን ቁልፎችና የጎማዎቹን ሁኔታ ነው። የፋብሪካው ዋስትና ገና ካላለቀና ወደ አዲሱ ባለቤት የሚተላለፍ ከሆነ ይህንን በማስታወቂያዎ መጀመሪያ ላይ ይጻፉት፤ የስፖርት መኪና ገዢ ከሁሉ በላይ የሚፈራው የካምቢዮና የሞተር ጥገና ስለሆነ ዋስትናው በዋጋው ላይ ይታያል። የተጫረውን ቸርኬና የተነካውን ጠርዝ ፎቶ አንሥተው በግልጽ ያሳዩ። የተደበቀ ጉድለት በገዢ ዓይን ሲገኝ ከትክክለኛው ዋጋው በላይ ያስቀንሳል፤ አስቀድሞ የተነገረ ጉድለት ግን የተቀረውን ቃልዎን ያስታምንልዎታል። ለስድስትና ለስምንት ሳምንት ያህል ገዢ ይጠብቁ። ከዚያ በኋላም ካልተገኘ ወደ አንድ ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ወደ ሦስትና አራት ነጋዴዎች ሄደው በእጅ በሚከፈል ዋጋ ያወዳድሩ፤ መኪና እንዲገዙ ሳያስገድድዎት የእርስዎን ብቻ የሚገዛ ነጋዴ አለ።

ገዢ ሲገኝ ርክክቡ በአበዳሪው ቢሮ ውስጥ ይሁን። ገዢው የመዝጊያውን ገንዘብ በቀጥታ ለአበዳሪው ያስገባል፤ የእርስዎ ሽያጭ ከዕዳው ስለሚያንስም ቀሪውን 4.4 እርስዎ በዚያው ሰዓት ያስገባሉ፤ አበዳሪውም መኪናው ላይ ያለው እገዳ እንዲነሣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሊብሬውም ወደ ገዢው ስም ይዛወራል። ገንዘቡ በሒሳቡ ውስጥ መግባቱ ሳይረጋገጥ ቁልፍ አይስጡ። ቼክ ይዞ የመጣ ሰው ገንዘብ ይዞ መጣ ማለት አይደለም። መድኑንም ስም ሳይዛወር አያቋርጡ፤ ከተዛወረ በኋላ ግን ያልተጠቀሙበትን የአረቦን ክፍል እንዲመልሱልዎ ይጠይቁ፣ ብዙ ሰው ይህን ገንዘብ ሳያነሣ ይቀራል።

አንድ ነገር በብርቱ አስጠነቅቅዎታለሁ። «መኪናውን ስጠኝና ወርሃዊውን እኔ እየከፈልሁ እቀጥላለሁ» የሚል ሰው ይመጣብዎታል፤ ምናልባትም የሚያውቁት ሰው ይሆናል። ብድሩ በእርስዎ ስም እንዳለ መኪናው በሌላ ሰው እጅ ከገባ፣ እሱ አንድ ወር ባይከፍል የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፣ ቢገጭ የሚከሰሱት እርስዎ ነዎት፣ መኪናውን ይዞ ቢሰወር ዕዳው በእርስዎ ላይ ይቀራል። በአብዛኞቹ የብድር ውሎች መያዣውን ያለ አበዳሪው ፈቃድ ማስተላለፍ ራሱ ውል ማፍረስ ነው። ምንም ያህል ቢጣደፉ ይህንን አያድርጉ።

ስለሚገዙት መኪና ብዙ አልልም፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ መኪና ከእኔ የተሻለ እንደሚያውቁ ታይቶኛል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለገለ፣ መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ፣ ቱርቦ የሌለው ቀላል ሞተር ያለው ቢሆን እመርጣለሁ። ከመግዛትዎ በፊት የማይዛመድዎ መካኒክ አንሥቶ ከሥር ይየው። መንዳት የሚወዱ ሰው ስለሆኑም ለምቾት ብለው ከባድና ሰፊ መኪና አይምረጡ፤ ክብደቱ ቀላል የሆነ፣ በእጅ ካምቢዮ የሚነዳ ትንሽ መኪና በ100 ፈረስ ጉልበትም ቢሆን ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ደስ ያሰኛል። መኪናው ትንሽ በመሆኑ ብቻ ከመንዳት ደስታ ተለየሁ ብለው እንዳያስቡ ይህን ጻፍሁ።

ባለቤትዎ ዝም ያሉት ለምን እንደሆነ እኔ ከሩቅ ላውቅ አልችልም። ነገር ግን ክፍያው ከገቢዎ ከሲሶ በላይ በሚወስድበት ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ክፍያውን አላየም ብዬ አላምንም፤ ምናልባት ይህ መኪና ለእርስዎ ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ «ሽጠው» የሚለው ቃል ከእሳቸው አፍ እንዳይወጣ ተጠንቅቀው ይሆናል። ይህ ከሆነ ክፍያውን ሲሸከሙ የኖሩት ሁለታችሁም ናችሁ። ስለዚህ ማስታወቂያውን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ምሽት ተቀምጠው ከላይ ያሉትን ሦስት ሒሳቦች፣ ማለትም በሦስቱ መንገዶች የሚኖርብዎትን ዕዳ፣ 68.4ን፣ 45.4ንና 20ን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ያሳዩአቸው። ወስነው ሊነግሯቸው ሳይሆን አብረው ሊወስኑ ይቀመጡ። ከቁጠባው የሚወጣው 4.4 የሁለታችሁም ነው፤ እሳቸው ሳያውቁ ቢወጣ፣ ዝምታው ያኔ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። ምናልባት ከእኔ የተሻለ መንገድ ያሳዩዎት ይሆናል፤ በአንድ መኪና መቆየት፣ ወይም ሦስት ወር ያለ መኪና ሆኖ ቁጠባውን መመለስ የሚችሉ መሆናቸውን እርስዎ ሳይጠይቁ አያውቁትም።

በደብዳቤዎ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፏት የመጨረሻ ጥያቄ አልተረሳችም፤ ራስዎ ስላስገጠሙት የጭስ ማውጫ ነው። ከመኪናው ጋር አይሽጡት። ድምፁን የሚወድ ገዢ በዋጋው ላይ ብዙም አይጨምርልዎትም፣ የማይወደው ግን መኪናው ያለ ርኅራኄ ተነድቷል ብሎ ይጠረጥራል፤ ዋስትናውንም ጥያቄ ውስጥ ሊከተው ይችላል። የፋብሪካውን አስቀምጠውት ከሆነ መልሰው ያስገጥሙት፣ ያወጡትንም ለብቻው ለተመሳሳይ መኪና ባለቤቶች ያቅርቡት። የሚያገኙት ገንዘብ ምናልባት የአንድ ወር ክፍያ ባይሞላም ከ4.4ቱ ላይ ይቀነሳል።